የተራ ተመልካች ሳቅ

«አለው… የለውም… አለው… የለውም…»

እትዬ ስጋት ይህን የሰሙት ከመታጠቢያ ቤቱ በር ውጭ፣ ፎጣቸውን ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገው ተራ ሲጠብቁ ነው። ውስጥ ያለችው ልጃቸው ናት። ውሃው ይንፎለፎላል፣ እሷ ግን እየታጠበች አይደለም፤ ከመስተዋቱ ጋር ሙግት ይዛለች። ሴትዮዋ ጆሯቸውን ወደ በሩ አስጠጉ። አለው የለውም የሚያሰኝ ነገር ከሚስት ሌላ ምን አለ? ልጃቸው ከባሏ ከተለያየች አራት ዓመቷ ነው። ሰሞኑን ደግሞ እህል አልቀምስ ብላ፣ ሲጠሯት እየበረገገች፣ መልሷን ሁሉ «እ?» ብቻ አድርጋለች። ነገሩ ገባቸው። በሩን በጣታቸው ቆርቆር አደረጉና፣ «ካጠራጠረሽ አለው ማለት ነው፤ ተይው፣ ይቅርብሽ!» አሉ።

ውሃው ቀጥ አለ። ልጅቷ የጥርስ ብሩሽ በአፏ እንደያዘች ብቅ አለች።

«ማን?»

«ሰውዬው ነዋ።»

«የምን ሰውዬ አመጣሽብኝ እማዬ! ፊልም ነው! ፊልሙ መልእክት አለው ወይስ የለውም ነው!»

እትዬ ስጋት የሚለውን ስም ያወጡላቸው ጎረቤቶች ናቸው። የልጅ ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት አሥር ደቂቃ ከዘገዩ የሆስፒታሉን ስልክ በቃላቸው የሚደውሉ፣ ደመና ሲያዩ የተሰጣው ልብስ ሳይሆን መብረቁ የሚታያቸው ሴት ናቸው። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው ሠላሳ ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍተዋል። ልብስ ሲያዩ መጀመሪያ የሚያዩት የሚተረተርበትን ቦታ ነው፤ ሰውንም እንዲሁ። ሚስት ያለው ሰው እንደሌለ ሲሰሙ ለትንሽ ጊዜ ደስ አላቸው፤ ቀጥሎ ግን ፊልም ከሚስት የባሰ ሆኖ ተገኘ።

ልጃቸው የምትሠራው ፊልሞች ለሕዝብ ከመታየታቸው በፊት በሚመረመሩበት መሥሪያ ቤት ነው። ሻይ ቀድተው ፊት ለፊቷ ሲቀመጡ፣ ዳቦውን እየፈረፈረች ሳትበላ ነገረቻቸው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ገጽ ቅጽ ተዘርግቷል። አሥራ አራተኛው መስመር እንዲህ ይላል፤ «ፊልሙ ፖለቲካዊም ሆነ ማኅበራዊ መልእክት አለው / የለውም። ካለው በዝርዝር ይገለጽ።» ፊልሙ ደግሞ «ያዘው!» የሚባለው የሁለት ዘበኞች ፊልም ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ሩጫ ነው፣ ጥፊ ነው፣ መስታወት መስበር ነው፣ ሳቅ ነው። የመጀመሪያውን ክፍል የመረመረችው ባልደረባ «የለውም» ብላ ፈረመች። ሳምንት ሳይሞላ ሕዝቡ ከፊልሙ አንድ ቃል አነሣ። «ነገ ተመለሱ» ያለ ጸሐፊ ሁሉ በየመስኮቱ «ነገ እንይዘዋለን!» ይባል ጀመር፤ ዘበኞቹ ሌባው ባመለጣቸው ቁጥር የሚሉት ነው። ያቺ ባልደረባ ምድር ቤት ወርዳ የመዝገብ ጠባቂ ሆነች። ከእሷ ወዲህ አንድ ባለመነጽር ባልደረባ ብልጥ ልሁን አለና በሌላ ፊልም ላይ «አለው» ብሎ ገጽ ተኩል ዘረዘረ። «ይሄ ፊልሙ ላይ ያለ ነው ወይስ አንተ ጭንቅላት ውስጥ?» ተባለ። እሱም ምድር ቤት ወረደ። አሁን ሁለቱ ከአንድ ፔርሙዝ ሻይ ይጠጣሉ ይባላል።

«እና አንቺ የቱን ልትጽፊ ነው?»

«እሱን እኮ ነው ከመስተዋቱ ጋር የምማከረው።»

«እንደው ፊልሙስ? አንቺ አይተሽዋል፤ አለው ወይስ የለውም?»

ልጅቷ የፈረፈረችውን ዳቦ በመዳፏ ሰበሰበችና መልሳ በተነችው። እትዬ ስጋት ተነሥተው ጫማቸውን አጠለቁ። የት ነው ስትላቸው፣ «ሆድሽ ባዶ ነው፤ ደረጃው ላይ ፍግም ብትዪ ማን ያነሣሻል?» አሉ፤ ተከተሏት።

ታክሲው ውስጥ የልጃቸውን ቦርሳ ጉልበታቸው ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው እንደያዙ ሄዱ። ከጎናቸው የተቀመጠች ሴት ስለ ሽንኩርት ዋጋ ልታጫውታቸው ሞክራ ነበር፤ «ከትናንት ወዲያ ከነበረው እኮ በእጥፍ ጨመረ እናቴ!» ስትል፣ እሳቸው «የፈሩት ይደርሳል» ብቻ ብለው ወሬውን ቆረጡት። መሥሪያ ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰሩ በር ላይ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ጠርዙ ተጠቅልሎ ቀለሙ እስኪለቅ ድረስ ጊዜው ረዝሟል። እትዬ ስጋት የደረጃውን መያዣ ብረት ይዘው በየመታጠፊያው እያረፉ ወጡ። ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አስቀምጣቸው፣ «ትንሽ አርፈሽ ውረጂ፤ ደግሞ ለማንም ምንም እንዳትዪ» ብላ ገባች።

ትንሽ እንዳረፉ የክፍሉ ኃላፊ ከቢሮው ወጣ። ሠራተኛው ከኋላው «አቶ ይጣራ» ይለዋል፤ ምንም ነገር ቢቀርብለት «ይጣራ» ሳይል ስለማይፈርም ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ፣ አንድ ጉልበቱን የሚጎትት ሰው ነው። ተቆጥቷል።

«ተራ ተመልካች የታለ? ዛሬም አልተላከም?»

ይህ የመሥሪያ ቤቱ ወግ ነው። መርማሪዎች ፊልም አይተው አይተው ፊታቸው ስለደረቀ፣ ሕዝቡ የት ጋ እንደሚስቅ ለማወቅ አንድ ተራ ሰው አብሮ እንዲያይ ይደረጋል። ተራው ሰው ሲስቅ ማሽኑ ይቆማል፣ መብራት ይበራል፣ የሳቀበት ደቂቃና ምክንያቱ የሳቅ መዝገብ በሚባል ትልቅ ደብተር ላይ ይሰፍራል። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ሥራ የያዘው በር ላይ ያለው ጫማ ሰፊ ነበር። ሰውየው ቀስ በቀስ ስለ መብራት አጣጣልና ስለ ካሜራ አቀማመጥ አስተያየት መስጠት ስለጀመረ፣ ኃላፊው «ይሄ ሰው ተራነቱን አጥቷል» ብሎ ባለፈው ሳምንት አሰናበተው።

ኃላፊው ዞር ሲል አግዳሚው ላይ ዓይኑ አረፈ።

«እማማ፣ እርስዎ ፊልም ያያሉ?»

«አላይም ልጄ። ያስደነግጠኛል።»

«ግሩም!» አለ፤ ሰው ዕቃ ጠፍቶበት ሲያገኝ እንደሚለው።

ልጅቷ በሩ ላይ ደርሳ አፏን ከፈተች። እናቷ ዓይናቸውን ፍጥጥ አድርገው ዘጉላት። ሥጋ ዘመድ መሆናቸው ቢታወቅ ሌላ ጣጣ ነው፤ ካልታወቀ ደግሞ ቢያንስ አጠገቧ ይሆናሉ። ደግነቱ ውሸት የሚያናግር ነገር አልነበረም። «እናቴ፣ በዚህ በኩል ይግቡ» አለቻቸው፤ ለወግ ያህል «አንቺ»ን ትታ። ሽበት ያላትን ሴት ሁሉ እናቴ የማይል ማን አለ? ማንም አልጠረጠረም።

የማሳያ ክፍሉ ጠባብ ነው። የአቧራ ሽታ ያለበት ከባድ መጋረጃ፣ አሥራ ሁለት ወንበሮች፣ ከእነሱም አንዱ ትራስ ያለው። እሱ የኃላፊው ነው። ከጎኑ እትዬ ስጋት ተቀመጡ። ልጅቷ ጥግ ላይ ካለች ትንሽ ጠረጴዛ፣ ከሳቅ መዝገቡ ፊት። ፊልሙን የሚያጫውተው ማሽነኛ፣ ቀጭን ዝምተኛ ሰው፣ ከኋላ። መብራቱ ጠፋ።

ገና በስድስተኛው ደቂቃ ጉድ መጣ። ወፍራሙ ዘበኛ አጥር ሲዘል ሱሪው ሽቦ ላይ ተሰክቶ ቀረ፤ እሱ ሱሪውን ጥሎ መሮጡን ቀጠለ። የተቀደደው ልክ ስፌቱ ላይ ነው፤ በነጠላ ክር የተሰፋ፣ የሰነፍ ሥራ። እትዬ ስጋት ሳቃቸው ከሆዳቸው ተነሥቶ ጉሮሯቸው ላይ ሲደርስ የሻርፓቸውን ጫፍ ነክሰው መለሱት። ላብ አጠመቃቸው። እሳቸው በሳቁ ቁጥር የምትጽፈው ልጃቸው ናት፤ «ለምን ሳቁ» ሲባል መልስ የሚፈለገው ከእሷ ነው፤ ከዚያ ምድር ቤት፣ ከዚያ ፔርሙዝ። የልጅ ልጆቻቸውስ ነገር? በስምንተኛው ደቂቃ ዘበኞቹ ዶሮ የጫነ ጋሪ ላይ ሲወድቁ አደጋው እንደገና መጣ። ያን ጊዜ እትዬ ስጋት የሚያውቁትን አንድ ብልሃት ተጠቀሙ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከወፍራም መነጽራቸው በስተጀርባ ማን ያያል? ዓይን ካላየ ሆድ አይስቅም። እንዲህ ሆነው ቀሩ፤ ጎማ ሲፋጭ፣ ብርጭቆ ሲረግፍ፣ ሰው በጥፊ ሲላጋ እየሰሙ፣ በልባቸው የልጅ ልጆቻቸውን ካልሲ ይቆጥሩ ጀመር።

ካልሲው አልቆ ወደ ካናቴራ ሲሻገሩ ብዙ ሰው ሲያለከልክ ሰሙ። የእግር ኮቴ፣ ደረጃ ላይ። አንድ የሹም ድምፅ፣ «ቀስ! ቀስ በሉ እናንተ! ቀኝ ዝቅ ብሏል! እንጀራ የምትበሉት በማን ሆነና!» ይላል። ማለክለኩ ቀጠለ። ከዚያ ከላይ ወደ ታች የሚሮጥ ሰው፣ ከዚያ ያ የሹም ድምፅ በኃይል፣ «ሌባው! ያዘው! ያዘው!» ከዚያ ለአንዲት አፍታ ጸጥታ፤ ከዚያ ደግሞ ከፎቅ ላይ የተለቀቀ ቁም ሣጥን የመሰለ መንኮታኮት፣ በየደረጃው እየነጠረ የሚወርድ።

ክፍሉ ውስጥ ሳቅ ፈነዳ። ሙሉ ሳቅ፣ ወንበር የሚያስጮህ፣ በመጨረሻው ላይ ወደ ሳል የሚዞር። የእትዬ ስጋት አይደለም። ከትራሱ ላይ ነው የመጣው።

ማሽኑ ቆመ። መብራት በራ።

እዚህ ላይ ልጅቷና ማሽነኛው የሚያውቁት፣ እትዬ ስጋት ግን የማያውቁት ነገር አለ። አሳንሰሩ ከተበላሸ አምስት ወሩ ነው፤ የኃላፊው ጉልበት ደግሞ አራት ፎቅ አይወጣም። ስለዚህ በየጧቱ ሁለት ጥበቃዎችና ሁለት ተላላኪዎች ባለመደገፊያ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ግራና ቀኝ በታሰረበት አጣና ተሸክመው ያወጡታል። እሱም ከላይ ሆኖ «ቀስ! ቀኝ ዝቅ ብሏል!» እያለ ይጮህባቸዋል። የፊልሙ ሠሪ ለሁለተኛው ክፍል ፈቃድ ሲመላለስ ሦስት ሳምንት እዚያው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነው ተራ የጠበቀው። ያየውን ወስዶ የባንክ ሹም አድርጎ ሠራው፤ ሹሙ ሌባ አይቶ «ያዘው!» ብሎ ሲጮህ፣ ታዛዦቹ አራት ተሸካሚዎች ወንበሩን ለቀው ሌባውን ሊይዙ ይሮጣሉ። ልጅቷን ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የነሣት ይህ ነው። «የለውም» ብላ ብትፈርም ነገ ከተማው ሁሉ ይስቅበታል፣ ያን ጊዜ የፈቀደችው እሷ ናት። «አለው» ብትል «በዝርዝር ይገለጽ» ይላል፤ የአለቃዋን ወንበር በእጇ ጽፋ ልትፈርምበት ነው። ሰውየው ራሱ ግን አላወቀውም። እንዴት ያውቀዋል? ሰው ጀርባውን አያይም፤ ተሸክመውት ሲወጡ እሱ የሚያየው ከፊቱ ያለውን ደረጃ ብቻ ነው።

«ደቂቃ አርባ ሰባት» አለች ልጅቷ፤ ድምፅዋ ቀጥኖ። «ሳቅ… አንድ።» ከዚያ በኋላ ያለው ዓምድ «የሳቀው ሰው» ይላል። እስክሪብቶዋ አልወርድ አለ። ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከረባቱን አስተካከለ፣ ጣራውን አየ። ኃላፊ ስቆ አያውቅም፤ መዝገቡም ለእሱ የሚሆን ቦታ የለውም።

እትዬ ስጋት ዓይናቸውን ገለጡ። መጀመሪያ ያዩት የልጃቸውን እጅ ነው። ይህ እጅ ሰባት ዓመቷ እያለ የጎረቤት መስኮት የሰበረች ዕለት እንዲሁ አየር ላይ ቀርቶ ነበር። ያን ቀንም ሌላ ሰው ነው የሰበረው ብለው የተከራከሩት እሳቸው ናቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ። «እኔ ነኝ የሳቅሁት።»

ኃላፊው ዞሮ አያቸው። በፊቱ ላይ ምስጋናና ጥርጣሬ ተገፋፉ። ሥርዓት ግን ሥርዓት ነውና፣ «ለምን ሳቁ እማማ?» አለ።

የትኛውን ለምን ይንገሩት? ያዩት ነገር የለ። ማሽነኛው ደግሞ ከኋላ፣ «ወደ ኋላ ልመልሰው? ደግመው ቢያዩት ይታወሳቸዋል» አለ። ለምን እንዳለው እግዜር ይወቅ፤ የልጅቷ ፊት ግን አመድ መሰለ። እናቷ ምክንያቱን ባያውቁም ፊቷ በቃቸው።

«አይሆንም!» አሉ እጃቸውን እያወናጨፉ። «እንዳትመልሰው ልጄ! ሁለተኛ ብስቅ ልቤ አይችለውም፤ እዚሁ ክልትው ብል ሬሳዬን በዚህ ደረጃ ማን ሊያወርደው ነው?»

«ይቅር፣ ይቅር» አለ ኃላፊው ፈጠን ብሎ። «በአጭሩ ይንገሩን። የገባዎትን። መልእክት አለው?»

እትዬ ስጋት የሰሙትን አንድ በአንድ ሰበሰቡ። ማለክለክ፣ ጩኸት፣ ጸጥታ፣ መንኮታኮት። ከእሱ ላይ ደግሞ ሠላሳ ዓመት በስፌት ቤት ሲያዩ የኖሩትን አለቃ ጨመሩበት።

«እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ ጌታዬ። የገባኝ ይቺ ብቻ ናት። በተሸከመህ ሰው ላይ አትጩህ ነው የሚለው። የጮህክበት ለት ይለቅሃል።»

ማሽነኛው ሳለ። ሳሉ የሳቅ ልጅ ነበር። ልጅቷ እስክሪብቶዋን ጣለች፤ እስክሪብቶው ተንከባሎ ከጠረጴዛው ሥር ገባ፤ የሚያነሣው ሰው ጠፋ። የኃላፊው እጅ ቀስ ብላ ሄዳ ጉልበቱ ላይ አረፈች። ባዶውን ነጭ ሸራ አየ፣ ማሽነኛውን አየ፣ ልጅቷን አየ። ከአንገቱ ጀምሮ ወደ ላይ ቀላ። እትዬ ስጋት ልብስ ሲተረተር የሚሰማውን ያህል ሰሙት፤ ምን እንደተተረተረ ብቻ አላወቁም።

«ይጣራ» አለ ከልማድ።

ከዚያ ምን እንደሚጣራ ታሰበው። ማን ያጣራዋል፣ ማንንስ ይጠይቃል፣ በዝርዝርስ ማን ይገልጸዋል?

«አይጣራ» አለ። በዚያ መሥሪያ ቤት ይህ ቃል ሲነገር የመጀመሪያው ነው። «ይሄ… ይሄ ምክር ነው። የእናት ምክር። ምክርና መልእክት ደግሞ ለየቅል ናቸው። ቅጹን አምጪው።» ልጅቷ አመጣችው። አሥራ አራተኛው መስመር ላይ «የለውም» የሚለውን ራሱ አከበበ፣ ራሱ ፈረመ፤ ቀኑን ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ተጭኖ ጻፈው። የእሷ ፊርማ ከሥር፣ በትንሹ፣ እንደ ምስክር ብቻ ሆነ። የቀረው ፊልም አልታየም። «ያው ሩጫ ነው» ተባለ።

ለምሳ ሲወጡ ደረጃው አፍ ላይ አራት ሰዎች ቆመዋል፤ መሐላቸው ባለመደገፊያ ወንበር፣ ግራና ቀኝ አጣና ታስሮበት። እትዬ ስጋት ወንበሩን አዩ። አጣናውን አዩ። የልጃቸውን ፊት አዩ። ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ከእግር እስከ ራሳቸው ወረራቸው፤ ቆሌያቸው ተገፈፈ። ምን ብዬ ኖሯል! ለማን ኖሯል!

ኃላፊው ወንበሩን አልፎ የደረጃውን ብረት ያዘ። «ዛሬ በእግሬ እወርዳለሁ» አለ። አራቱ ሰዎች ተያዩ። እሱ አንድ ደረጃ ወረደ፣ ቆመ፣ ሌላ ወረደ። አለቃን ቀድሞ መውረድ ነውር ነውና፣ ለምሳ የወጣው ሠራተኛ ሁሉ ከኋላው ተሰልፎ አንድ አንድ ደረጃ ይወርድ ጀመር። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ከዳው፤ እጁን ሲዘረጋ ያገኘው የእትዬ ስጋትን ትከሻ ነበር። በአንድ እጁ ብረቱን፣ በሌላው ትከሻቸውን ይዞ፣ ሌላው እንዳይሰማ ጎንበስ አለ።

«እማማ። ያ ወንበር ላይ የነበረው ሰውዬ… ማንን መሰለዎት?»

እትዬ ስጋት ሊዋሹ አሰቡ፤ ለዛሬ ግን የዋሹት በቃቸው። «እውነቱን ልንገርህ ልጄ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ከመጀመሪያው ጀምሮ ምንም አላየሁም።»

ሰውየው ትክ ብሎ አያቸው። እውነት መሆኑን አላመነም፤ በዕድሜው ካገኘው ጨዋነት ሁሉ የላቀ ጨዋነት አድርጎ ወሰደው።

«ጥሩ አደረጉ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔም መጨፈን ነበረብኝ።»

ከዚያ ክብደቱን ሁሉ ትከሻቸው ላይ ጣለው። ከባድ ሰው ነው። እትዬ ስጋት የፊልሙ ጣጣ ከላያቸው እንደወረደ አዲስ ስጋት ተተካባቸው። ይህ ጉልበት እዚህ ቢከዳው፣ ይህ ሁሉ ሥጋ በየደረጃው እየነጠረ ቢወርድ፣ ሊስቅ የሚችለው ከኋላ ያለው ነው። ዞር ብለው አዩ። ልክ ከኋላቸው ልጃቸው ናት፤ የተፈረመበትን ቅጽ ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ትከሻዋ ገና ካሁኑ እየተንቀጠቀጠ። ከእሷ ኋላ ደግሞ ማሽነኛው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

በዓይናቸው ገላመጧት። ከዚያ ሻርፓቸውን ወደ አንገታቸው ወርወር አድርገው፣ ሰውየውን በሁለት ክንዳቸው ወገቡ ላይ ጥምጥም አድርገው ያዙት፤ ምድር እስኪደርሱ አንዴም አልለቀቁትም።